ጭስ የሌለው ከሰል

ሁለቱ ወንድማማቾች ሥራ ፍለጋ ከተማ ገብተው የተከራዩት ክፍል አንድ አልጋ ከተዘረጋበት በኋላ መላወሻ የሌለው ነበር። ታናሹ ገና ጢም አላበቀለም፤ ታላቁ በሸክም ሥራ ሁለቱንም ያኖራል። በዝናቡ ወራት አንድ ምሽት ብርዱ ሲጠና ታላቁ ከሰል አያይዞ ደጅ አስቀመጠ።

«አስገባው እንጂ፣ ደረቅን እኮ» አለው ታናሹ።

«ጭሱ ይውጣለት፤ ምን ያስቸኩልሃል» አለና ከሰሉ እስኪቀላ፣ ክር የምታህል ጭስ እንኳ እስክትጠፋ ድረስ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ አስገባው። በሩን ዘጋ፣ የመስኮቱንም ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈው።

ጠዋት ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ሲገባ ታላቁ ሞቶ ነበር። ታናሹን ያተረፈው የአልጋው ጥበት ነው፤ መሬት ላይ ወርዶ ፊቱን ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት አስጠግቶ ተኝቶ ነበር።

እናታቸው ሬሳውን ልትወስድ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ጭሱ ሳይወጣለት ነው ያስገባው?»

«አይ፣ እማዬ። ቀልቶ ነበር። ጭስ አልነበረውም።»

«ጭስ የሌለው ከሰል ሰው አይገድልም፣ ልጄ። ለወንድምህ ብለህ አትዋሽ።»

ለቀስተኛውም እንደዚሁ አለ። ችኩል ነበር፤ ራሱን ገደለ፣ ታናሹንም ሊጨርሰው ነበር ተባለ። እናትየው የተረፈውን ልጇን እስከ ዕለተ ሞቷ ወደደችው እንጂ አላመነችውም።

ያ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ጎረቤቴም ነው። የእኔ ጫማ መስፊያና የእሱ ቆርቆሮ መቀጥቀጫ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሰፈሩ «ጋሽ መስኮት» ይለዋል፤ ክረምት ከበጋ መስኮቱን ዘግቶ ስለማያውቅ ነው። ዝናብ ሲገባበት አልጋውን ያዛውራል። ራቱን ካፖርት ለብሶ ይበላል።

ባልዲ፣ አሸንዳ፣ ሳፋ ይሠራል። የከሰል ምድጃ ግን አይሠራም፤ ገበያው ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ደንበኛ፣ «ምድጃ የማይሠራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማለት ዳቦ የማይጋግር ዳቦ ቤት ነው» ቢለው፣ መዶሻውን ሳያቆም «እንግዲያ ዳቦ ቤት ሂድ» አለው።

ሚስት ነበረችው። ጥቂት ክረምት ታገሠችና፣ «ቀዝቃዛ ባል ይቻላል፤ እኔን ያቃተኝ ቀዝቃዛ ቤት ነው» ብላ ሴት ልጃቸውን አዝላ ወጣች። ሰፈሩ ይህን ቀልድ እስከ ዛሬ ይደግመዋል። እሱ ሲስቅበት አላየሁም። ልጅቷ እናቷ ዘንድ አደገች፤ አልፎ አልፎ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ መዶሻው ከወትሮው ዘግይቶ ይጀምራል።

እኔም እሱም ፊደል የቆጠርነው ጸጉራችን ከሸበተ በኋላ ነው። ይህን የምለው አፍሬ አይደለም። ያለ ፊደል ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ ፊደሉ ሲመጣም ወንበር ስቤ ተቀበልኩት። ማታ ማታ አንድ ዴስክ ላይ እየተቀመጥን፣ ከክፍል ክፍል እየተዛወርን፣ ሳይንስ የሚባለው ትምህርት ላይ ደረስን።

መምህርቷ የልጆቻችን እኩያ ናት። አንድ ቀን ስለ አየር አስተማረችን። ከመቶው እጅ ሰባ ስምንቱ ናይትሮጂን፣ ሃያ አንዱ ኦክስጅን ነው አለች።

«እና የሚያኖረን ሃያ አንዱ ነው?» አልኳት።

«ሃያ አንዱ ነው፣ አባባ።»

«ሰባ ስምንቱስ ምን ይሠራል?»

«ሲተነፍሱት ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ሳንባ ውስጥ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም።»

«እንደ ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ» አለ ጋሽ መስኮት በሹክሹክታ። የኋላ ወንበር ሰምቶ ኖሮ ሳቀ።

በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች። መካከሉ አስኳል ነው፤ ዙሪያውን ኤሌክትሮኖች ይዞራሉ። ከሰል ማለት ካርቦን ነው፤ ስድስት ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱ ከውስጥ፣ አራቱ ከውጭ። «እነዚህን አራቱን እንደ እጅ ቁጠሯቸው» አለች። «ከሰል ሲነድ ካርቦኑ በእጆቹ ኦክስጅን ይይዛል። አየር እንደ ልብ ካገኘ ሁለት ኦክስጅን ይይዛል። አየር ካጠረው፣ ወይም እሳቱ መሐል ከታፈነ፣ አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል። ያ ነው ክፉው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከመኪና ጭስ ማውጫም ይወጣል፤ ደጅ ግን ንፋስ ይበትነዋል። ቤት ውስጥ የሚበትነው የለም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀምቶ ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ጠብቆ ነው።»

ጋሽ መስኮት እጁን አነሳ። ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው።

«መምህርት፣ ጭሱ ከወጣለት በኋላስ?»

«ጭሱ ሌላ ነው። ጭስ የምንለው የሚታየውን ብናኝ ነው። ይሄኛው መልክ የለው፣ ሽታ የለው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ጠፋ ስንል እሱ ይወጣል። ሰው የሚሞተውም ጭሱ ጠፋ ብሎ ሲያስገባው ነው።»

ከዚያ ወዲያ የተባለውን የሰማ አልመሰለኝም። አብረን ወደ ቤት ተመለስን። በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል፣ «እናቴ ሞታለች» አለኝ። ስለ ወንድሙ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቆመን፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ። የሚነግራትን ያገኘው የምትሰማው ካለፈች በኋላ ነበር።

በዚያው ዓመት ልጁ ወለደች። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለነበር፣ እናቷም ስላለፈች፣ ሕፃኑን ታቅፋ አባቷ ዘንድ መጣች። ጋሽ መስኮት አልጋውን ከመስኮቱ አርቆ ወደ ግድግዳው አስጠጋላት፣ ብርድ ልብስ ገዛ፣ እንደ ሰው ሳቀ። ከግድግዳው ማዶ የሕፃን ልቅሶ መስማት ጀመርኩ። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ጨርቅ ያነጥፍበት ጀመር፤ ደንበኛ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ «ቀስ፣ ሰው ተኝቷል» ይላል።

ብርዱ ግን አልማራቸውም። አንድ ማለዳ ልጅቷ ከጎረቤት ምድጃ ተውሳ ከሰል አያያዘች፤ ሲቀላላት አስገብታ መስኮቱን ዘጋች። እሱ ከገበያ ሲመለስ አገኘው።

«ቀልቷል፣ አባዬ። ጭስ የሚባል የለውም፣ ና እየው።»

 ምድጃውን አንስቶ ዝናቡ ላይ ደፋው። መስኮቱን በረገደው።

«አራስ ነኝ እኮ» አለች። «ሕፃን ይዤ ከዝናብ ጋር ልደር? እማዬ እውነቷን ነው የሄደችው። ከመስኮትህ ጋር ኑር።»

ወደ ባሏ እህት ቤት ሄደች። ያ ቤት በሩ ዝግ፣ ምድጃው ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ቤት ነው።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«እናቴ ያላመነችኝን እሷ ታምነኛለች?»

«ታዲያ ዝም ልትል ነው?»

ጥሎኝ ገባ። ወዲያው የመቀስ ድምፅ ሰማሁ፤ ቆርቆሮ ሲቆረጥ። ሄጄ አየሁ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ምድጃ።»

ወስፌዬን አስቀምጬ ያዝ ልቀቅ እያልኩ አገዝኩት። ክዳን ያለው፣ ከታች አየር መሳቢያ በር የተከፈተለት፣ ከላይ ረጅም ቱቦ የወጣለት ምድጃ ነበር። ጨርሰን ለአውቶቡስ ብንቆም ትኬት ቆራጩ ቱቦውን አይቶ፣ «አባቶቼ፣ መድፍ አንጭንም» አለን። ተሸክመን በእግር ሄድን።

ቤቱ እንደ ምጣድ ይሞቃል። ፍሙ መሐል ላይ ቀልቷል። ልጅቷ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ራስሽን ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ከወሊዱ ነው። ልትቆጣ ከሆነ የመጣኸው…»

«አልቆጣም። ደጅ ስትወጪስ ያምሻል?»

ሻሿን ነካ አደረገች። «ልብስ ላሰጣ ስወጣ ይተወኛል።»

«ስትመለሺስ?»

 ፍሙን አየች፤ ልጇን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ራሷ ወደ በረንዳው ወጣች። እኛም ተከትለናት የቤቱን ምድጃ አወጣነው፤ በርና መስኮቱንም ከፈትን።

በረንዳው ላይ ነገራት። ስለ ወንድሙ፣ ስለ ጠባቡ አልጋ፣ ክር የምታህል ጭስ እስክትጠፋ ስለ መጠበቁ። አራት ጣቱን ዘርግቶ የካርቦንን እጆች አሳያት፤ ሁለት ኦክስጅን ሲይዝ እንዲህ፣ በአንድ ሲቀር እንዲህ እያለ። ቆርቆሮ የበላው ጣቱ አልታጠፍ እያለ ያስቸግረዋል። እሷ ጣቱን እንጂ ሌላ አላየችም።

ሲጨርስ፣ «እንግዲያ አጎቴ ጭሱን አስወጥቶ ነበር» አለች።

«አስወጥቶ ነበር።»

«የሚባለውን ሁሉ አድርጎ ነበር።»

«ሁሉን አድርጎ ነበር፣ ልጄ።»

«ጠንቃቃ ሰው ነበር በለኛ።»

ጋሽ መስኮት ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። እኔም ቱቦውን የማስተካክል መሰልኩ።

የባሏ እህት፣ «ቤቴን ሊበሱት ነው?» ብላ ተከራከረች። «አንዲት የመስኮት መስታወት ስጪኝ እንጂ ግድግዳሽን አልነካም» ብሎ በመስታወቱ ቦታ ቆርቆሮ ገጠመ፣ በእሱ ውስጥ ቱቦውን አሳለፈ። ከበሩ በላይም አየር መግቢያ አስከፈታት። ፍሙ አዲሱ ምድጃ ውስጥ ገባ፣ የእሳቱ ትንፋሽ ደጅ ወጣ። ሕፃኑን መልሰው አስገቡት።

ልጅቷ ባሏ እስኪመጣ እዚያው ቆየች፤ ምድጃው እዚያ ነውና። አሁን ግን ስትመጣ ኮቷን አውልቃ ትቀመጣለች። እሱ ብቻውን ነው የሚኖረው። መስኮቱም ክፍት ነው፤ ሲመሽ በግድግዳው በኩል የሚሰማ ድምፅ የለም።

ይህን ልጽፍ ስነሳ፣ «ከዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጥብህ ምን ነበር? እሱን መጨረሻ ላይ ላስገባ» አልኩት። አሸንዳ እያጠፈ ነበር። እጥፋቱን ጨርሶ እንዲህ አለኝ፦

«ምድጃውን ተወው፤ ምድጃ ማንም ይሠራል። ወንድሜ ጭሱን እንዳስወጣ ጻፍ። እኔ ድሮም አውቅ ነበር። ግን እውነትን ብቻህን ስታውቀው ከውሸት አይለይም፤ አንዳንዴ አንተም ትጠረጥረዋለህ። አሁን ልጄ ታውቃለች። እኔ ባልፍም የሚናገርለት ሰው አለው። ለእኔ የበለጠብኝ እሱ ነው።»