እታለም የጠበቀችው መድኃኒት

ይህን ከነፍስ አባቴ እንኳ ደብቄ ኖሬአለሁ። ጾም መግደፌንና ቁጣዬን ተናዝዣለሁ፤ ስለ እታለም ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። በሚያውቁኝ ፊት አልደፍርም።

እታለም የምላት ታላቅ እኅቴን ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ በኤች አይ ቪ ሲሞት ቫይረሱ በእሷም ደም ውስጥ ተገኘ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጧትን ክኒን ሳታቋርጥ ብዙ ዓመት ደህና ሆና ኖረች።

እኔ ኬሚስትሪ ተማርኩ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ምርምር ፉለሪን በሚባል ነገር ላይ ነበር፤ ስልሳ የካርቦን አተሞች እንደ ኳስ ተያይዘው የሚሠሩት ነው። ቫይረሱ ለመራባት የሚጠቀምበት ኤንዛይም መሐሉ ላይ ክፍተት አለው፤ ኳሱ እዚያ ገብቶ ይወተፍበታል። ችግሩ ፉለሪን በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ከአሚኖ አሲድ ጋር አያይዤ ፔፕታይድ በሚባል አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ላይ ሰካሁት። ለወራት እንቢ ሲለኝ ቆይቶ አንድ ቀን ሟሟ፤ የገብስ ጠላ መሰለ። ኤንዛይሙንም አስቆመው። ያስቆመው ግን ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ልቤ አብጦ ነበር። የእታለምን ጠመኔ ተቀብዬ ኳሱን በጥቁር ጨርቅ ላይ ሣልኩላት።

«ይኸ ነው በሽታዬን የሚውጠው?» አለችኝ።

«መግቢያውን ይዘጋበታል፣ እታለም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሩቅ አይደለም።»

ሩቅ አይደለም አልኩ እኔ። እንዲህ ያለ ነገር ከብልቃጥ ወደ ሰው አፍ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ አብዛኛውም መንገድ ላይ እንደሚቀር እያወቅሁ አልኩ። ጎረቤቶቿ ሲመርቁኝም አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ክረምት ላይ ኳሱን በጤነኛ ሕዋሳት ላይ ሞከርኩት። ገደላቸው። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ገደላቸው። በዚያው ሳምንት እታለም ደወለች።

«ክኒኑን ከፋሲካ ወዲህ ትቼዋለሁ» አለችኝ። «ሆዴን እያገላበጠ አስቸገረኝ። ያንተው እስኪደርስ ልረፍ ብዬ ነው። አጠፋሁ እንዴ?»

ምን ነበር የሚያስፈልገው? ዛሬውኑ ጀምሪ፣ የእኔ ነገር መድኃኒት አይደለም ማለት ብቻ። እኔ ግን ያን ማለት ውርደት ሆነብኝ። ገበያው ሁሉ የወንድሟን መድኃኒት ሲያወራ ሰንብቷል፤ እንዴት ብዬ ከሸፈ ልበላት?

«ግድ የለም፣ ስመጣ እናወራለን» አልኳት።

በማግሥቱ መደወል እችል ነበር። በሳምንቱም፣ በወሩም እችል ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። እሷ ስትደውል እንኳ ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ አዝመራው እመልሰው ነበር።

ለገና ስሄድ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ሳሉ ቁና ቁና እያስተነፈሳት አገኘኋት። በዚያ ኮረኮንች መንገድ በሚኒባስ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጠየቀን።

«ለምንድን ነው መድኃኒቷን ያቋረጠችው?»

«እንጃ» አልኩ። እኔ፣ አጠገቧ ቆሜ፣ እንጃ አልኩ።

እታለም ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ሰልችቶኝ ነው ጌታዬ» አለችው።

ክኒኑን መልሰው ጀመሩላት፤ ሳንባዋ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሰዎች ትከሻዬን እየያዙ «መድኃኒቱን ልታደርስላት ነበር፣ ዕድሜ ነሳት እንጂ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው። አይደለም አላልኩም። የገደላትን ሰው አጽናንተው ተመለሱ።

ልጅ ነበርኩ ብል ውሸት ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አላወቅሁም ብል ደግሞ የባሰ ውሸት ነው፤ ከአገሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ሙሉ እጇን ይዤ ተቀምጫለሁ። መድኃኒቱ የት ደረሰ ብላ አንዴም አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ይቅር በይኝ ለማለት ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ውኃ ትጠጫለሽ እያልኩ ጨረስኩት።