ያልሞላው ምልዓተ ጉባኤ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሜትር ጨብጦ የታየ ሁሉ «ኢንጂነር» ነው። እኛ ግን ማህተም ያለን ኢንጂነሮች ነን፤ የመሐንዲሶች ማኅበር ቅርንጫፍ። ሠላሳ አባላት፣ አንድ የኪራይ ክፍል፣ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ መተዳደሪያ ደንብ አለን። ድልድይ እንሠራለን፣ ቦይ እንቀይሳለን፤ ስብሰባ መምጣት ግን አቃተን።

ደንቡን የጻፉት ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። በየቆላው የመስኖ ቦይ ሲቀይሱ ያረጁ፣ ርክክብ ሳይፈርሙ ከሳይት ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው። ደንባቸውም እንደሳቸው ግትር ነው። ሊቀመንበር ከቦታው ለቆ ማህተሙን የሚያስረክበው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በአካል በተገኙበት ጉባኤ ብቻ ነው ይላል። ሃያ ሰው መሆኑ ነው። ይህን ሲጽፉ ሰው ሁሉ እንደሳቸው መስሏቸው ነው፤ የዋህ!

ታዲያ ጋሼ መልቀቅ ፈለጉ። አሊዩ አምባ ያሉት እናታቸው አርጅተው አልጋ ላይ ውለዋል። ልጃቸው ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሮቢት ይምጡ ቢባሉ፣ አሮጊቷ ከቤታቸው ወይ ፍንክች!

«ስድስት ወርም ትቆይ ዓመት፣ አጠገቧ ልሁን» አሉኝ ጋሼ። «ማህተሙን ተረከቡኝና ልሂድ።»

ጸሐፊው እኔ ነበርኩና «ለኔ ይስጡኝና ዛሬውኑ ይሂዱ» አልኳቸው።

«ጉባኤ ሳይቀመጥ? ወላሂ አላደርገውም! ነገ በዚህ ማህተም የማይሆን ደብዳቤ ቢወጣ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ምን ይባላል! ደንቡን ላሻሽል ተቀመጥኩ። ከግማሽ በላይ አባላት ከተገኙ ይበቃል፣ በስልክም ድምፅ መስጠት ይቻላል ብዬ ረቂቅ አዘጋጀሁ፤ ኮራሁበትም። ከዚያ የደንቡን የመጨረሻ አንቀጽ አነበብኩ። ደንቡን ለማሻሻልም ሁለት ሦስተኛው በአካል መገኘት አለበት። ቆሽቴ አረረ። ሰው ሳይመጣ እንዲሠራ ለማድረግ መጀመሪያ ሰው መምጣት አለበት ማለት ነው እኮ!

ጉባኤ ጠራን። ቴሌግራም ላይ ሠላሳውም አውራ ጣታቸውን ቀሰሩ። በዕለቱ የመጣው አሥራ አንድ ሰው ነው። ማጀቴ ከተማ የሚኖሩት አባላት መኪና አጣን አሉ። አንዱ ኮንክሪት እያስሞላሁ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ያለ ምንም ሐፍረት ማሾ እያስለቀምኩ ነው አለ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አሥራ አራት ሆንን። ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማህተሙን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ሰው ቆጠሩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ለሦስተኛው እሳቸው ራሳቸው በየቤቱ ዞረው ለመኑ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ፀሐይ! አሥራ ዘጠኝ ሰው ተገኘ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ፤ አንድ ሰው ጎደለ።

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። አዎ፣ ጸሐፊው! የሮቢትን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ምሳ በልቼ፣ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ አንድ አፍታ ብዬ ቤቴ ማራገቢያ ሥር ጋደም አልኩ። ነቅቼ ስደርስ ወንበሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ዐይኔን በጨው አጥቤ ጋሼን «አጣዬ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ ነው» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንታት አለፉና አራተኛ ጉባኤ ሳንጠራ እናታቸው ሞቱ። ያን ቀን ቴሌግራም ላይ አውራ ጣት የቀሰረ የለም፤ ሁሉም ተነስቶ ወደ አሊዩ አምባ ሄደ። መኪና አጣን ባዮቹ የማጀቴ ሰዎች ሚኒባስ ተከራይተው መጡ። ኮንክሪቱም ቆመ፣ ማሾውም ቆየ። እኔም «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ብዬ ዳሱ ሥር ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ጸሐፊነት ክፉ ልማድ ነው፤ ሳላስበው ሰው መቁጠር ጀመርኩ።

ጋሼ አይተውኛል። «ስንት ሆንን?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሃያ ስድስት።»

«ሞላ በለኛ።»

«ከፈለጉ... እዚሁ እንጨርሰው፣ ጋሼ?» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

መሐረቡን ከኪሳቸው አወጡ። ማህተሙን ፈትተው ጭናቸው ላይ አኖሩትና በመሐረቡ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«አሁንማ ለቅቄ የት ልሄድ?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ሊቀመንበራችን እሳቸው ናቸው። እኔም በሦስተኛው ጉባኤ ቀን ተኝቼ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።