አስር የሰጡት የት ገቡ?

የምክር አገልግሎት በሚሰጠው ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ከተቀመጠች ዘጠነኛ ዓመቷ ነው። ባልደረቦቿ «እሜቴ ማስመሪያ» ይሏታል፤ ሥራዋ ነዋ! ታካሚ ከአማካሪው ጋር ተነጋግሮ ሲጨርስ ወረቀት ይሰጠዋል። «ዛሬ በደንብ ተደምጫለሁ?»፣ «የልቤን ተናግሬያለሁ?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። ከየጥያቄው ሥር አስር ሳንቲሜትር መስመር ተሰምሯል። ታካሚው የመሰለው ቦታ ላይ ጭረት ያደርጋል፤ እሷ በማስመሪያ ለክታ ትመዘግባለች።

ታዲያ ምን ትለካለች? አስር፣ አስር፣ አሁንም አስር! ይሉኝታ የያዘው ሰው መቼ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል? አንዱማ መስመሩ አልበቃው ብሎ ጭረቱን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አድርሶታል።

ጉዱ የመጣው አዲሷ አማካሪ ስትቀጠር ነው። ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ወረቀቱን ስትሰጥ «እባካችሁ፣ ቅር ያላችሁን አትደብቁኝ» ትላለች። ሰዎቹም አመኗትና አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሦስት ይሰጧት ጀመር። ኃላፊው ሪፖርቱን አዩና «ዓርብ አሰናብታታለሁ» አሉ።

እሜቴ ማስመሪያ ልጅቷን እንደ እህቷ ልጅ ነው የምትወዳት። ጭረቶቹን ትንሽ ገፋ ላድርጋቸው ብላ እርሳስ እስከማንሳት ደርሳ ነበር፣ ወይ ጉድ!

ሐሙስ ጠዋት አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከልጅቷ ክፍል ወጥተው ወረቀታቸውን ሲያስረክቡ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ባለፈው ሦስት የሰጧት ምን አድርጋዎት ነው?»

«ቸኩላ አቋረጠችኝ። ዛሬ ገና ከመቀመጤ ‹የቱ ጋ ነው ሳልሰማዎት የቀረሁት?› አለችኝ። የሟች ሚስቴን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወራሁ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ታዲያ ዛሬስ ስንት ሰጧት?»

«አራት!» አሉ በሳቅ። «ቀስ እያለች ትጨምር፣ ማን አጣደፋት? ለበፊቱ አማካሪዬ አስር ሰጥቼ አይደል ድራሼ የጠፋው!»

እሜቴ ማስመሪያ ብድግ ብላ የቀጠሮ መዝገቡን ገለጠች። አስር የሰጡት አብዛኞቹ ከሁለተኛው ቀጠሮ ወዲህ ስማቸው የለም። ከአዲሷ አማካሪ አሥራ ሰባት ታካሚዎች ግን አሥራ አምስቱ ዛሬም ይመላለሳሉ። መዝገቡን ታቅፋ ሳታንኳኳ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

ኃላፊው ገጹን ሁለቴ ገለጡት። «እኔ ደግሞ አስር ሳይ ደስ እያለኝ...» ብለው ግንባራቸውን አሹ። «በቃ፣ ልጅቷ ትቆያለች።»

እፎይ ብላ ልትወጣ ስትል ጠሯት። «ለመሆኑ እኔንስ ስንት ትሰጪኛለሽ?»

አስር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረገችው።

«ስድስት» አለች።

ኃላፊው ተነስተው ወንበር ሳቡላት።

«ተቀመጪ» አሉ፣ «የጎደሉትን አራቱን ንገሪኝ።»