ልቀቀው

አርባን ካለፈ ቆይቷል፤ ሰው ግን ዛሬም «ትንሹ» እያለ ነው የሚጠራው። ምን ያድርግ፣ አያቱ ባለዋንጫ፣ አባቱ ባለዋንጫ፤ የመኪና እሽቅድምድሙ ጎዳና አንዱ ጠመዝማዛ እንኳ በአያቱ ስም ነው የሚጠራው። እሱ አንድም ቀን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ ሲወጣ «የአባቱ ልጅ» ይሉታል፤ አምስተኛ ሲወጣ ደግሞ «የአባቱ ስም ባይኖር ማን ያስነዳው ነበር?» ይላሉ። የሚሉት እኮ ያው ሰዎች ናቸው።

በዚያ ቤት አንድ ቃል አለች፤ «ልቀቀው»። አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ በሬዲዮ የሚሏት ናት። ፍሬኑን እርሳው፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጠው ማለት ነው። ትንሹ እሷን ሲሰማ እግሩ ሳያማክረው ይረግጣል።

ካቻምና ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ግን ነገር ዓለሙ ሰልችቶታል። ውድድር በነበረበት በዚያ እሁድ ጠዋት ካልሲውን ያጠለቀችለት ሚስቱ ናት።

«ማቆምህን ዛሬ ለአባትህ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችው።

«እነግራቸዋለሁ» አለ።

ማቆሙስ አልከበደውም፤ የከበደው አባቱ ሳይፈቅዱለት ማቆም ነው። የቤቱን ስም አውጥቶ የጣለ ይመስለዋል።

ፊት ለፊት ለመንገር ወኔ አጣ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ ስድስተኛ ሆኖ እየነዳ፣ በሬዲዮ «አባዬ፣ ደክሞኛል፤ አልቻልኩም» አለ። ሽማግሌው ከመካኒኮቹ ጎን ማዳመጫ አጥልቀው ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው፣ «ልቀቀው፣ ልጄ» አሉት።

ዛሬም? አለ በልቡ። እግሩ ግን ረግጦ ጨርሷል። በአያቱ ጠመዝማዛ ላይ ሁለት መኪና ቀደመ፤ ሦስተኛውን ልቅደም ሲል የግድግዳውን ቀለም ልጦ ሳይቀድመው ቀረ። አራተኛ ሆኖ ገባ።

መካኒኮቹ ደግፈው አወጡት። አባቱ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ።

«አብደሃል እንዴ? ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የበረርከው?»

«ልቀቀው ሲሉኝ ነዋ፣ አባዬ።»

«መሪውን ነው ያልኩህ። ሥራውን። ይብቃህ ማለቴ ነበር።»

ጓንቱን ሊያወልቅ ሞከረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። አባቱ እንደ ሕፃን እጁን ይዘው አወለቁለት።

«ካቻምናም ከመላተምህ በፊት ብዬህ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔም እንደዚሁ በረርክብኝ። ገና የምትፈልግ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ትንሹ ወገቡን ይዞ እዚያው ያረጀ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።