ለጂራታ ፔጆ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሀብተሚካኤል ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ ኖሮ አንድም ቀን የራሱ መኪና አልነበረውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን የሠራተኛ አውቶቡስ እየነዳ፣ የቀኑን ፈረቃ አስገብቶ የሌሊቱን እየመለሰ፣ እዚያው አቃቂ ላይ ጠጉሩ ሸበተ። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ብርድ ልብስ ሸልሞ የአውቶቡሱን ቁልፍ ተረከበው። ቅር አላለውም፤ ቁልፉ የፋብሪካው ነበር። የቸገረው እጁና እግሩ ነው፤ እነሱ ጡረታ መውጣታቸውን አልሰሙም። ታክሲ ሲሳፈር ከሾፌሩ እኩል ፍሬን ይረግጣል፤ እራት ላይ ተቀምጦ ማርሽ ይቀይራል። ሚስቱ ፈለቀች ይህን ስታይ ከርማ፣ የምትነካካው ነገር ፈልግ አለችው።

ፈልጎ ያገኘውን ግን እሷም አላሰበችውም። አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ብሎን በብሎን ፈትቶ በገዛ እጁ ሊያድሳት ነው። ለሥራ አይደለም፤ ለኪራይም አይደለም። ሰፈሩ ይህን መዋጥ አቃተው። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረጻድቅ አሸዋ ነው ጤፍ የምትጭንባት ብለው ቢጠይቁት፣ ምንም አላቸው። ለአቃቂ ሰው ፒካፕ ገዝቶ ምንም አለመጫን ላም ገዝቶ አለማለብ ነው። አቶ ገብረጻድቅም ለሰውየው ከልባቸው አዘኑለት። ፈለቀች በበኩሏ ለጠየቃት ሁሉ፣ ባሌ አይጠጣ፣ ጫት አይቅም፣ ይፍታ ይግጠም ትል ጀመር።

መኪና የመምረጡን ነገር የመራው የእህቱ ልጅ ብሩህ ነበር። ብሩህ ቃሊቲ ላይ ጋራዥ አለው፤ ስለ አሮጌ መኪና ያለው ሃይማኖት አንድ ነው። ሞተር ይገኛል፣ ማርሽ ይገኛል፣ ላሜራው ከበሰበሰ ግን አልቋል ይላል። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ማግኔት አለች። በጥሩ ላሜራ ላይ ማግኔት ይጣበቃል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ከተቀባ ግን አይዝም። ቂሊንጦ አካባቢ መጀመሪያ ያዩዋት ቀይ ፒካፕ ከሩቅ ታብለጨልጭ ነበር። ብሩህ ማግኔቷን በሩ ላይ ቢያደርጋት ወደቀች፤ ኮፈኑ ላይ ቢያደርጋት ወደቀች። ባለቤቱ ማግኔቱ ነው ያረጀው አለ።

ሁለተኛዋ አደሴ የምትባል የብረታ ብረት ነጋዴ የምትሸጣት ዳትሰን ነበረች። በእሷ ላይ ማግኔቷ ከዳር እስከ ዳር ተጣበቀች። ሞተሩ ጥቂት አስሎ ተነሣ። ሊብሬው ንጹሕ ነው። ብሩህ አጎቱን ወደ ጎን ወስዶ፣ እንዲህ ያለች ሁለተኛ አትገኝም፣ ቁልፏን ተቀበልና እንሂድ አለው። አደሴም ሌላ ገዢ እንዳላት ሳትደብቅ፣ ቃሉን ቶሎ እንዲነግራት ቀን ቆርጣ ሰጠችው። ሀብተሚካኤል ዳትሰኗን ዞሮ ዞሮ አያት። ምንም እንከን አላገኘባትም። ነገር ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

ከፋብሪካው ወረድ ብሎ ወንዙ ላይ ሁለት መኪና የማታሳልፍ ጠባብ ድልድይ አለች። ሀብተሚካኤል ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ሞልቶ ሲደርስ፣ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሰማያዊ ፔጆ 404 ፒካፕ ጎመንና ሽንኩርት ተጭና ትመጣ ነበር። ባለቤቷ አቶ ጂራታ ይባላሉ፤ ወንዙ ዳር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲያርስ የኖረ ቤተሰብ ሰው ናቸው። ቀድመው ቢደርሱም እንኳ ዳር ይዘው አውቶቡሱን ያሳልፋሉ፤ ሲያልፍም ከመሪው ላይ አንዲት ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ሀብተሚካኤልም ጣቱን ያነሣል። በዚያ ሁሉ ዓመት ከዚህ ሌላ ሰላምታ አልነበራቸውም። ሀብተሚካኤል ግን ያችን ፒካፕ ይወዳት ነበር፤ አፍ አውጥቶ አልተናገረም እንጂ ይመኛት ነበር። አሁን አቶ ጂራታ ካረፉ ቆይተዋል። ጎመኑ የበቀለበት ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ፒካፗ በባለቤታቸው በወይዘሮ አስካለች ጓሮ፣ ከግራሩ ሥር ቆማ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልባታለች። ብሩህ በአጥር አሻግሮ አይቷት፣ ወለሉ ወንፊት ሆኗል፣ ይቺ መኪና ሳትሆን የመኪና ትዝታ ናት ብሎ ማግኔቷን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ ተመለሰ።

ሀብተሚካኤል ግን በከተማው ወግ ደላላ ላከ። ስሕተቱ ይኸው ነበር። የአብስራ የሚባል፣ በሁለት ስልክ የሚያወራ ፈጣን ልጅ ሄዶ በሩን አንኳኳና፣ ጓሮዎ የወደቀውን ብረት የሚያነሣልዎ ሰው አግኝቻለሁ አላቸው። ወይዘሮ አስካለች በሩን ዘጉበት። በማግሥቱ በጎረቤት በኩል፣ የላከው ሰው በአጥሬ በኩል እንዳያልፍ የሚል መልእክት መጣ። ደላላ በዚያ ደጅ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። መሬቱ በሚሸነሸንበት ዘመን ቀድመው የሚመጡት ደላሎች ነበሩ፤ ሳቅ ይዘው እየመጡ ማሳ ይዘው ሄደዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሀብተሚካኤል ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ወንዙን በየቀኑ ሲሻገር ኖሮ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚያማቸው አለማወቁ አሳፈረው።

አፍሮም ወደ አቶ ቃልቤሳ ሄደ። አቶ ቃልቤሳ የአቶ ጂራታ ታላቅ የአጎት ልጅ ናቸው፤ በፋብሪካው ጥበቃ ሳሉ አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር የእሳቸው ነበረች። ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

"ከሰው ቤት ሴት ልጅ ስትፈልግ ደላላ ትልካለህ?" አሉት። "አስካለች ዘንድ ያቺ ብረት አይደለችም። ሽማግሌ ላክ።"

እንዲህም ሆነ። አቶ ቃልቤሳ አቶ ገብረጻድቅንና አንድ ሌላ የዕድር ሰው አስከትለው በጠዋት ሄዱ። አቶ ገብረጻድቅ በዕድሜያቸው ብዙ ልጅ ለምነው ድረዋል፤ ለመኪና ሽማግሌ ሲሆኑ ግን የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ ነጠላቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያጣፉ ሲጨነቁ አደሩ። ሙሽራው እንደ ደንቡ ቤቱ ቀረ። ሬዲዮ ከፈተ፤ ምን እንደተወራ ግን አልሰማም።

ወይዘሮ አስካለች ሦስቱን ሽማግሌዎች ከደጅ አስገብተው ተቀመጡ አሏቸው። አቶ ቃልቤሳ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። "ልጃችን ሀብተሚካኤል ከግራሩ ሥር ያለችውን ፈልጎ ልኮናል። ሰው ሳያማክር ደላላ ልኮ አስቀይሞሻል። ጥፋቱን አምኗል።" ወይዘሮ አስካለች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እያለቀሱ ነበር ወይስ እየሳቁ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ነጠላውን ሲያወርዱት ግን ፊታቸው እንደ ማንኛዋም የልጅ እናት ኮስተር ብሎ ነበር። እመክርበታለሁ፣ ለማርያም ተመለሱ አሉ።

ደንቡ ይህ ነው። ልጅ የተጠየቀ ቤት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ሽማግሌም ቶሎ በሉ አይልም። ጣጣው የአደሴ ቀን ከማርያም በፊት የሚደርስ መሆኑ ላይ ነበር። ቀኑ እንዲያጥር መለመን ደግሞ ሁለተኛ ደላላ መላክ ማለት ነው። እንግዲህ ሀብተሚካኤል ሙሉ አካል ያላትን፣ ሞተሯ የሚነሣውን ዳትሰን መውሰድ፣ ወይም ቃል ያልተገባለትን የዶሮ ማደሪያ መጠበቅ ሆነበት። ብሩህ በስልክ ጮኸበት። ፈለቀች እንደ ወትሮው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ሀብቴ።"

ትክክል ነበረች፤ እሱም ያውቃል። ሌት እየነቃ እምቢ ቢሉስ ይላል። ፈርቷል። ዕድሜው ከስድሳ አልፎ፣ ልጆች ድሮ፣ አንዲት ባልቴት እምቢ እንዳይሉት መፍራቱ ራሱን አስገረመው። ግን ዳትሰኗን ሲያስባት ጥሩ መኪና ትታየዋለች፤ ፔጆዋን ሲያስባት ድልድዩ ይታየዋል። አደሴ የቆረጠችው ቀን ሲደርስ ራሱ ደውሎ ለሌላው ሰው ስጪው አላት። እሷም ሳታቅማማ ሰጠች። ዳትሰኗ በነጋታው በፈለቀች ዓይን ሥር፣ ብሎኬት ተጭና በበራቸው በኩል አለፈች። ፈለቀች ያን ቀን ምሳ አቀረበችለት እንጂ አላናገረችውም።

በማርያም ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዋጋውን አቶ ቃልቤሳ ቆረጡት፤ ማንም አልተከራከረም። ወይዘሮ አስካለች የጠየቁት ሌላ ነው። "ቆራርጦ ለመለዋወጫ እንዳይሸጣት" አሉ። "ደግሞ በገዛ እግሯ የሄደች ዕለት መልስ እጠራለሁ። ይዟት ይምጣ።" አቶ ገብረጻድቅ በዚህ ጊዜ ብቻ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል።

ፒካፗ በገመድ ተጎትታ ሀብተሚካኤል ግቢ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ መኪና ፈትቶ የማያውቅ ሰው ይሰለቸዋል። ወለሉ ተቆርጦ ወጣ፤ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ብሩህ መጀመሪያ እያጉረመረመ መጣ፤ በኋላ ግን ሳይጠሩት እሑድ እሑድ ይመጣ ጀመር። ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሩ ተጠርቦ ተመለሰ። ማርሹ ከመሪው ሥር ነው፤ ሀብተሚካኤል ለዚህ ብቻ ለብቻው ተቀምጦ ብዙ ተለማመደ። እጁ እራት ላይ ዐረፈ፤ ፈለቀች ይህን አይታ ስለ ዳትሰኗ ማንሣቷን ተወች። ቀለሙን ሲመርጥ ያስቸገረው ነገር አልነበረም። ከበሩ ውስጠኛ ጎን፣ ፀሐይ ካላየው ቦታ፣ የቀረውን ሰማያዊ አሳይቶ ያንኑ አስቀባ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ሞተሩ ተነሣ።

የመልሱ ዕለት ሀብተሚካኤል ኮት ለበሰ፤ ፈለቀች ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተጫኑ። አቶ ገብረጻድቅ በመጨረሻ ፒካፗ አንድ ነገር ስትጭን በማየታቸው ደስ አላቸው። ወይዘሮ አስካለች በራቸው ላይ ለጎማው ቄጠማ ጎዝጉዘው ቆመዋል። ፒካፗን አልዞሯትም፤ ቀለሟንም አላመሰገኑም። ፈለቀችን ልጄ፣ አንቺ ወጡን እይልኝ ብለው አወረዱና፣ ሽማግሌዎቹንም ወደ ቤት አስገብተው በእሷ ቦታ ተቀመጡ።

"ማሳው ድረስ ውሰደኝ" አሉት።

ማሳ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ሀብተሚካኤል ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ነዳ። ሕንፃዎቹ መሐል ሲገቡ ወይዘሮ አስካለች በጣታቸው ይመሩት ጀመር፤ በዚህ በኩል፣ አሁን ዝቅ በል፣ እዚህ ቦይ ነበረ። ቦይ በሌለበት አስፋልት ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። አንድ ሕንፃ ሥር፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ክፍት ቦታ ላይ፣ አቁም አሉት። እዚህ ነበር የምንጭነው አሉ። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው መኪናዋን ከበቡ፤ ከበረንዳ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አነሣ። ወይዘሮ አስካለች አላለቀሱም። እጃቸውን በመስኮት አውጥተው የበሩን ውጭ ደጋግመው ነኩ። ሀብተሚካኤል ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ።

ሲመለሱ ድልድዩ ጋ ደረሱ። ከወዲያ ሠራተኛ የጫነ ሚኒባስ እየከነፈ ይመጣል። ቀድመው የደረሱት እነሱ ነበሩ። ሀብተሚካኤል ሳያስበው ዳር ይዞ ቆመ፤ ሚኒባሱ ሲያልፍም ከመሪው ላይ አንዲት ጣቱን ብድግ አደረገ። የሚኒባሱ ሾፌር ልብ አላለውም። ወይዘሮ አስካለች ግን ጣቱን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"በቃ" አሉ፣ ወደ ፊት ዞረው። "ቤቷ ገብታለች። አሁን ያንተ ናት።"

ሀብተሚካኤል አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ድልድዩን ተሻገረ። ወይዘሮ አስካለች ቤት ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ አቶ ገብረጻድቅም ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው እያሉ ነበር።