አምስተኛው ስም

ሙላት አየልኝ ኮምፒውተር የሚጠግንባት ክፍል ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከሐበሻ ጎዳና ትንሽ ወጣ ብላ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የኪዳነ ምሕረት መነኮሳት ስልካቸውን፣ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን፣ የሠፈሩ ነጋዴዎች የሱቃቸውን ማሽን ያመጡለታል። ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ጨዋታ ግን ከእሱ አትጠብቁ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ሚስት አላገባም። «ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር ይግባባል» ብለው ያሙታል። ለምን እንዳላገባ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ሆድ ይፍጀው ብለው ትተውታል።

አንድ እሑድ ጠዋት እማማ እናና ከልጅ ልጃቸው ከሺርሊ ጋር ከቃታሞኒም ሠፈር መጡ። ሺርሊ እዚሁ የተወለደች፣ ገና ከሠራዊት የወጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ይሄድና ወደ ዕብራይስጥ ይታጠፋል። በሻሽ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ ይዛለች።

«ማህሼቩ አያየውም» አለች ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች። «ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ሲዞርም ይሰማል። ግን ክሉም፣ ምንም የለም።»

«መቼ ጀመረው?»

ሺርሊ አያቷን አየችና አቀረቀረች። አርብ ሻባት ሊገባ ሲል የቀለበቷን ፎቶዎች እየጫነችበት ነበር። ኮምፒውተሩ የተሰካው ደግሞ በሰንበት ሰዓት ላይ ነው፤ በዕለተ ሰንበት ሰው እንዳይነካው ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰዓት። ሰዓቱ ደረሰና ዲስኩ እየሠራ ሳለ ሁሉም ድርግም አለ። ሻባት ነውና ማንም ሳይነካው እስኪወጣ ተጠበቀ።

«ከዚያ ስከፍተው ‹ፎርማት ላድርገው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«እሺ አልሽው?»

«ሎ፣ አላልኩትም። ፈራሁ።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው» አለ ሙላት። «እሺ ብትዪው ኖሮ ድካማችን እጥፍ ነበር።»

እማማ እናና ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ውስጡ ያለው የባሌ ድምፅ ነው። ዘር የቆጠረበት። ይህች ልጅ ሃጋይ የሚባል ልጅ ወዳለች። አርብ ጠዋት ሽማግሌ ይቀመጣል። በልጁ ወገን ቄስ ቢምረው ሰባቱን ይቆጥራሉ። በእኛ ወገን የሚቆጥር አልቀረም፤ ያለን ይኸው ነው።»

ለሙላት ማስረዳት አላስፈለገም። ቤተ እስራኤል ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንዳይኖር አባቶቹን ይቆጥራል። ሁለቱ ወገኖች ካልተገናኙ ይመረቃል፤ ከተገናኙ፣ ወይም የሚቆጥር ከጠፋ፣ ሽማግሌ ነጠላውን አራግፎ ይነሣል። ሺርሊ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቷ ‹ሾራሺም›፣ ሥር መሠረታችሁ ከየት እንደሆነ ጠይቁ ሲል፣ ወንድ አያቷን አስቆጥራ ድምፁን ቀድታ ነበር። የአያቷ አማርኛ ከብዷት አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልሰማችውም።

«ባለቤትዎ ማን ይባሉ ነበር?» አለ ሙላት።

«መልካሙ ዘሩ።»

ሙላት ሊፈታው የጀመረውን ሻሽ መልሶ ጠቀለለው። «ማክሰኞ ይምጡ» ብቻ አለ።

ያን ስም እንዴት ይርሳው? ልጅ ሳለ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ አባቱ በእግር መንገዱ ላይ ዘር ያስቆጥረው ነበር፤ አንድ ስም ሲይዝ ሌላውን ይጨምርለታል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ አባቱ ታመመ። «አምስተኛውን አዲስ አበባ ስንገባ» አለው። አዲስ አበባ የገባው ሙላት ብቻውን ነው። ኋላ እስራኤል ገብቶ መቫሰረት ጽዮን፣ አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት መርካዝ ቅሊታ፣ ጸሐፊዋ ስሙን ኤልያሁ ብላ መዘገበችው። እዚያ ሲጎረምስ ፍሬሕይወት የምትባል ልጅ ወደደ፤ ወደደችውም። የልጅቱ አጎት መልካሙ ዘሩ፣ የሰውን ሁሉ ዘር በቃሉ የሚያውቅ የተከበረ ሽማግሌ፣ «ቁጠር» አለው። ኤልያሁ አራት ቆጥሮ ቆመ። አገርህ የት ነው ብሎ የጠየቀው እንኳ አልነበረም። ፍሬሕይወት ሌላ ከተማ ተዳረች፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። እሱ ኤልያሁ መባልን ተወና ወደ ሙላትነቱ ተመለሰ፤ ሌላ ደጅ ግን አላንኳኳም።

ሲሄዱለት ዲስኩን ሰካ። እንደተባለው ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ገመዱን ቀየረ፣ መሰኪያውን ቀየረ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው። ሦስተኛው ላይ እያነከሰ ተነሣና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፤ ፎርማት ላድርገው? እምቢ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም። ስለዚህ ዲስኩን አልነካካውም። ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ጀመረና ጥገናውን በግልባጩ ላይ ሊሠራ ወሰነ።

ግልባጩ ቀርፋፋ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። የመልካሙ ድምፅ ሞቶ ቢቀር ደስ ይለኝ ይሆን ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን ፈራው፤ ስለዚህም ከወትሮው ይልቅ ተጠንቅቆ ሠራ።

ማክሰኞ እማማ እናና ብቻቸውን መጡ፤ ሺርሊ ሥራ ላይ ነበረች። ፋይሉ ተገኝቷል። ሙላት የሰው አደራ ነውና ሳይሰማው ነበር የጠበቃቸው። ከፈተው።

«አባባ፣ ጀምር» አለች የትንሿ ሺርሊ ድምፅ።

«አባትሽ አንተነህ» አለ የሽማግሌ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። «እኔ መልካሙ። አባቴ ዘሩ። አያቴ ጓንጉል። ጓንጉል...» ዝምታ ሆነ። ሽማግሌው አሳለና እንደገና ከአንተነህ ጀመረ። እንደገና ጓንጉል ላይ ቆመ። «የጓንጉል አባት... ትናንት አውቀው ነበር።» ረጅም ዝምታ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር አለ፦ «መቫሰረት አንድ ልጅ ነበር፣ ኤልያሁ የሚሉት። እሱም አራት ላይ ነው የቆመ። መለስነው።»

«ንግማር፣ አባባ? አለቀ?»

«አለቀ ልጄ። አጥፊው።»

እማማ እናና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ያኔ ነው ለካ የጀመረው» አሉ። «መርሳቱን ማለቴ ነው። ኋላ የእኔንም ስም ረስቶ ነው የሞተ። ስጠይቀው ግን ‹ለልጅቱ ቆጥሬላታለሁ› ይለኝ ነበር።» ወደ ሙላት ዞሩ። «ልጄ፣ ዕቃው አልተከፈተም ብንልስ? ተቃጠለ ብንል? ስሙም አይነሣ፣ ልጅቱም በእሱ አፍ አትመለስ።»

ሙላት ወደ ዲስኩ ተመለከተ። እንዲህ ያለ ውሸት ማንም አይደርስበትም፤ ቢደርስበትም ማሽኑን እንጂ እሱን የሚወቅስ የለም።

«ተከፍቷል እማማ። አልተከፈተም ማለት አልችልም» አለ። «ያ ኤልያሁ እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ፊቱን አተኩረው አዩት። «ያን ቀን እኔ ጓዳ ነበርሁ። ስትቆጥር ሰምቻለሁ። አራተኛው ላይ ስትደርስ አንዱን ስም ፈጥሮ በጨመረ ብዬ ተመኝቼልህ ነበር።»

«የአባቴን ዘር እንዴት ልፍጠር?»

«እኔስ የባሌን?» አሉና ተነሡ። «አርብ ና። አንተ ትከፍተዋለህ።»

አርብ ጠዋት ቃታሞኒም፣ የእማማ እናና ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች የተቀዳውን ድምፅ ሰሙ። ሺርሊ ሃጋይን አጠገቧ አድርጋ የሁሉንም ፊት ታነባለች፤ ቃሉ ባይገባት ዝምታው ገብቷታል። ቄስ ቢምረው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ጓንጉል አገሩ የት ነበር?» አሉ።

«ወገራ» አሉ እማማ እናና። «አባቱም አያቱም ከወገራ ወጥተው አያውቁም።»

«የእኛ ሰባቱም ሽሬ ነው የተቀበሩ» አሉ ቄሱ። «መልካሙ የረሳውን እግዜር አልረሳውም። አይገናኙም። አራቱ ይበቃል።»

ሺርሊ አለቀሰች። ሙላት በደስታዋ ደስ አለው፤ ደስታው ግን አመመው። ያንኑ አራት ይዞ ነበር እሱም የመጣው። ገመዱን ጠቅልሎ ሊወጣ ተነሣ።

«ቄስ፣ ምርቃቱ ይቆይ» አሉ እማማ እናና። «አስቀድሞ ይህ ልጅ ይቁጠር። በዚህ ቤት ሰዎች ፊት ቆጥሮ ተመልሷል።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሙላት ዞሩ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ገመዱ እጁ ላይ ነው።

«አየልኝ» አለ። «ፈንታ። ደርሶ። ታፈረ።»

ቆመ። ማንም አላጣደፈውም። ቄስ ቢምረው አራቱን ስሞች አንድ በአንድ ከአፉ ተቀብለው ደገሟቸውና በዓይናቸው ወንበሩን አሳዩት።

«ይበቃል» አሉት። «ተቀመጥ።»