ከበቅዱኒሱ ሥር የደበቅኩት ነጠላ

እዚህ ዓረብ አገር፣ አንጠልያስ ባሕር ዳር ለመዝናናት ሁለት ነገር ያስፈልገኛል፦ ሮዝ ዩኒፎርምና የሰው ውሻ።

ዩኒፎርሙ የራሴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአሠሪዬ ቤት ጠፍቼ ስወጣ ገላዬ ላይ የነበረው እሱ ነው። ውሻው ከምንኖርበት ክፍል ሥር ሱቅ ያለው የልብስ ሰፊው ነው። ሰውዬው ከስፌት መኪናው ቀና ማለት አይሆንለትም፣ ውሻው መናፈስ ይፈልጋል፣ እኔም መናፈስ እፈልጋለሁ፤ ተስማማን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ የውሻውን ገመድ ይዤ ባሕሩ ዳር ስንሸራሸር ፖሊሱም ወታደሩም ዘወር ብሎ አያየኝም። የሚታየው የአንዲት ማዳም ውሻ ሊሸና መውጣቱ ብቻ ነው። ያው ፖሊስ ጂንስ ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ቢያገኘኝ ግን "ወረቀትሽ?" ይላል። ወረቀት ደግሞ የለኝም። ፓስፖርቴ የቀድሞዋ ማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ከክረምት ጓንቶቿ ጋር ተኝቷል።

በጋ ሲመጣ ከተማው ያብዳል። ከውጭ ዘመድ ይመጣል፣ ቱሪስት ይመጣል፣ ሆቴሉ ሁሉ ሙዚቃ ያስጮኻል፣ ለሠርጉም ለምረቃውም ርችት ይተኮሳል። እዚያው መንገድ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ያሰቀለው ጨርቅ አለ፤ የውጭ አገር ሠራተኞች ከመሸ እንዳይንቀሳቀሱ ይላል። ቱሪስቱስ የውጭ አገር ሰው አይደለም ወይ ብዬ ስከራከር አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ በሳቅ ትፈርሳለች። አንድ ጊዜ ሪዞርት ገብቼ አውቃለሁ። አንድ ቤተሰብ ልጆቹንና ፎጣውን ይዞ ሲገባ ከኋላ ተከተልኩ። ዘበኛው የእነሱ ሠራተኛ መሰልኩት፣ እነሱ ደግሞ የሪዞርቱ ሠራተኛ መሰልኳቸው። ሰው ሲዋኝ ሳይ ዋልኩ። እግሬን እንኳ አልነከርኩም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ውኃ ውስጥ አይገባም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሁሉ ውኃ ፊት፣ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሜ መዋሌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ብልሃቱን ያስተማረችኝ ይህችው ጓደኛዬ ናት። "የሚያስይዝሽ መልክሽ አይደለም፣ መዝናናትሽ ነው" አለችኝ። "ዩኒፎርምሽን ልበሺ፣ የገበያ ቦርሳ ያዢ፣ ከላዩ በቅዱኒስ ብቅ ይበል። በቅዱኒስ የያዘች ሴት ምሳ ልታደርስ የቸኮለች ናት፣ ያኒ፣ ማንም አያስቆማትም።" በቅዱኒስ ታቡሌ የሚሉትን ሰላጣ የሚሠሩበት ቅጠል ነው። እውነቷን ነበር። በአንድ እስር በቅዱኒስ ስንት ወታደር ፊት አልፌያለሁ።

ባለፈው በጋ ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቱ አባት የአገራችን ልጅ ነበር፤ ሕፃኗ ሳትወለድ ኬላ ላይ ተይዞ ወደ አገር ተሸኘ። ልጅቱ የተወለደችው እዚሁ ክፍላችን ውስጥ፣ በአንዲት የምናውቃት አዋላጅ እጅ ነው። የትም መዝገብ ላይ የለችም። የእኔና የእናቷ ወረቀት የሰው መሳቢያ ውስጥ ይሁን እንጂ አለ። እሷ ግን በዚህ ዓለም ላይ መኖሯን የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አልነበራትም። ጓደኛዬ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። "ነገ ቢይዙንና ቢነጥሉን የማን ልጅ ናት ሊባል ነው?" ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ክርስትናው ላይ ሙጭጭ አልን። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ስትጠመቅ ደግሞ የራሷና የእናት አባቷ ስም የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት የክርስትና ካርድ ይሰጣታል። ካርዱ ለወታደሩ ምኑም አይደለም። ለእኛ ግን ወረቀት ነው። ቀኑ የዋለው በሥራ ቀን ነው፤ ከሌላ አገር ለአገልግሎት የመጡት ቄስ ደግሞ በማግሥቱ ሊሄዱ ነው። የሚያውቁን የሃይማኖታችን ሴቶች ሁሉ በሥራ ቀን በየማዳማቸው ቤት ተቆልፎባቸዋል። ክርስትና የምታነሳ ከእኔ በቀር አልነበረችም። ያለ ክርስትና እናት ደግሞ ጥምቀት የለም።

እናትና ልጅ በዋዜማው ሄደው ባዕብዳ ከሚባለው ኮረብታ በታች፣ በውሰት ከምንቀድስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት የሌላ ሃይማኖት ወዳጃችን ዘንድ አደሩ። እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ቀረሁ። የሕፃኗን ነጭ ቀሚስና የእኔን ነጠላ አጣጥፌ ከቦርሳው ሥር አስቀመጥኩ፤ በላዩ ዳቦ፣ በዳቦው ላይ በቅዱኒስ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው። ጊዜ ተርፎኝ ነበር፣ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ልብሴን እቀይራለሁ ብዬ ሌላ ቀሚስም ጨምሬያለሁ።

የተሳፈርኩበት ቫን መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ቆመ። የታክሲ ሾፌሮች በቤንዚን ነገር ተቆጥተው አውራ ጎዳናውን ዘግተዋል። ጎማ ይነድዳል፣ ጥቁር ጭሱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ቱሪስቶች ፎቶ ያነሳሉ። ወርጄ በእግሬ ጀመርኩ። ተቃዋሚዎቹ በቅዱኒሴን አይተው "እለፊ፣ ያላ፣ ማዳምሽ ትጠብቅሻለች" ብለው ከጎማዎቹ መሃል መንገድ ሰጡኝ። በሆዴ ጓደኛዬን መረቅኋት። ከዚያ ማዶ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆሟል፣ ከመኪናዎቹ ማዶ ደግሞ ወታደሮች ኬላ ዘርግተው የሚያልፈውን ሁሉ ወረቀት ይጠይቃሉ።

ወታደሮቹን እያየሁ ሳመነታ ከአንድ መኪና ውስጥ "ያ ቢንት! አንቺ ልጅ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሯን በጥድፊያ የቋጠረች አንዲት ማዳም ናት፤ አሮጊት እናቷን ለደም ምርመራ ልትወስድ ወጥታ መሃል መንገድ ላይ ቀርታለች። ወደ ቤት ልትመልሳት ተሽከርካሪ ወንበሩን ዘርግታ እናቷን ለማውጣት ትታገላለች። "ነዪ፣ ተታን ደግፊልኝ" አለችኝ፤ አሮጊቷን ነው፣ ተታ አያት ማለት ነው።

ዘወር ብዬ መሄድ እችል ነበር። አታውቀኝም፣ አላውቃትም። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ "ሓደር፣ ማዳም" አለ። "እሺ" ማለት ነው። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እሱ ነው፤ ከዚያ ቤት ከጠፋሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝም ከአፌ አልወጣም። ቦርሳዬን ተታ ጭን ላይ አስቀምጬ ወንበሩን መግፋት ጀመርኩ። ማዳሚቱ መኪናዋን ቆልፋ ከጎኔ ሄደች።

ኬላው ጋ ስንደርስ ወታደሩ እኔን ሳያይ ማዳሚቱን "ከእናንተ ጋር ናት?" አላት። "ከእኛው ጋር ናት" አለችው። በእጁ እለፉ አለን። ደስታዬ ግን አንድ እርምጃ እንኳ አልዘለቀም። ከኬላው ማዶ ሆኜ "በሉ ደህና ሁኑ" ልል ስል ወታደሩ አሁንም ከኋላችን ያየናል። የእነሱ ሠራተኛ ካልሆንኩ ማን ነኝ? ስለዚህ መግፋቴን ቀጠልኩ። ቤታቸው ቅርብ ነበር። ከሕንፃው ዘበኛ ጋር ወንበሩን ተሸክመን ሁለተኛ ፎቅ አወጣን።

ማዳሚቱ ከኋላችን በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ክፋት አልነበረም፤ እጇ የለመደውን ነው ያደረገው። እኔ ግን ያንን የቁልፍ ድምፅ ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

"ሜርሲ፣ የኔ ቆንጆ" አለችኝ። "የማዳምሽን ቁጥር ስጪኝ፣ እኔ ዘንድ መሆንሽን ልንገራት፣ እንዳትጨነቅ።"

ስልኬ ሞቷል አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የምትደውለው ጓደኛዬ መሆኗን አውቃለሁ።

"እንግዲያው መንገዱ እስኪከፈት ከዚህ ንቅንቅ አትዪም። በዚህ ረብሻ ብቻሽን አልለቅሽም፣ የሰው አደራ ነሽ። ኸላስ። ቅጠሉ እንዳይጠወልግብሽ እጠቢውና ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው።"

የሰው አደራ! እንደ ጠፋ ቦርሳ ለባለቤቴ ልትመልሰኝ ነው። እውነቱን ልንገራት ብዬ አሰብኩ። ደግ ሴት ናት፤ ዳቦና ሻይ እንኳ አቅርባልኛለች። ግን ደግ ሴትም ፖሊስ ትጠራለች፣ "ለራስሽ ብዬ ነው" እያለች ትጠራለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በቅዱኒሱን ማጠብ ጀመርኩ። የማጀቱ ሰዓት ሁለት ከሩብ ይላል። በመስኮቱ ብረት መሃል የባዕብዳ ኮረብታ ይታየኛል። ልጅቱ እዚያ ናት፣ እኔ እዚህ ለማላውቃት ሴት ቅጠል አጥባለሁ። እንባዬ መጣ፣ በንዴት ነው የመጣው። ማን በይ አለኝ? ማን ሓደር በይ አለኝ?

ከዚያ ተታ ተጣሩ። ዳይፐራቸው ሞልቷል። ማዳሚቱ ስልክ ላይ ነበረች፣ በእጇ አመለከተችኝ። ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ፤ ማጀት ትቼው እንዳትከፍተው ፈርቻለሁ። አጥቤ፣ ቀይሬ፣ ፎጣ ስፈልግ ቦርሳዬ ተገለበጠና ነጠላውና ትንሿ ነጭ ቀሚስ መሬት ላይ ፈሰሱ። ተታ አዩ።

"ልጅ አለሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"የጓደኛዬ ናት፣ ተታ። ዛሬ ትጠመቃለች። እኔ ነኝ የማነሳት።"

"በስንት ሰዓት?"

ነገርኳቸው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ በዚያ ደካማ ጉሮሯቸው ልጃቸውን ጠሩ። "ይሸተኛል! ሊያስመልሰኝ ነው! ቆሻሻውን አሁኑኑ ታውርደው!"

ማዳሚቱ ዘበኛው ያወርደዋል ብትል ተታ ይባስ ጮኹ። በዚህ መሃል ጥቁሩን የቆሻሻ ላስቲክ ከፍቼ ነጠላውንና ቀሚሷን በሌላ ፌስታል ጠቅልዬ ከሥር አስገባሁ፣ ዳይፐሩን ከላይ ጣልኩ። ሌላ መንገድ አልነበረም። የቤት ሠራተኛ ከተቆለፈ ቤት ብቻዋን የምትወጣው ቆሻሻ ስትጥል ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊትም የወጣሁት እንዲሁ ነበር። ማዳሚቱ ስልኩን ትከሻዋ ላይ አጣብቃ በሩን ከፈተች። "ቶሎ ተመለሺ" አለችኝ።

"ሓደር፣ ማዳም።"

መቀየሪያ ቀሚሴም፣ ቦርሳዬም፣ በቅዱኒሴም እዚያው ቀሩ። ዳይፐሩን ገንዳ ውስጥ ጥዬ፣ ላስቲኩን ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ዩኒፎርም የለበሰች፣ ጥቁር ላስቲክ የያዘች ሴት ስትሮጥ ያየኝ ሁሉ የቆሻሻ መኪና ያመለጣት መስሎት ይሆናል።

ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ቄሱ ውኃውን ባርከው ቆመዋል፣ ዲያቆኑ መጽሐፉን ይዟል፣ ጓደኛዬ ሕፃኗን አቅፋ ፊቷ አመድ መስሏል። ስታየኝ እዚያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከጥቁሩ ላስቲክ ነጭ ነጠላዬን አወጣሁ። ዩኒፎርሜን እንዲሸፍንልኝ ብሸፋፈንበትም ሮዙ ጫፍ ከሥር ይታያል። ቄሱ አዩና በእጃቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱኝ። ወደ ምዕራብ ዞሬ በልጅቱ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ኮራሁ። ከዚያ ቄሱ ከውኃው አወጧትና እያለቀሰች፣ ውኃ እየተንጠባጠበባት ወደ እኔ ዘረጓት።

"ተቀበያት" አሉኝ።

"ሓደር፣ ማዳም" አልኳቸው።

ዲያቆኑ ሳቁን ዋጠ። ቄሱ ግራ ገብቷቸው "ምን አለች?" ብለው ጠየቁ። "እሺ ማለቷ ነው፣ አባ" አለች ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየች። እኔ ልጅቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ካርዱን ተቀብለናል። ማኅተሙ ሰማያዊ ነው። በላስቲክ ሸፍነን ከበራችን ጀርባ ሰቅለነዋል፣ ከዩኒፎርሙ ጎን፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሌላ ሚስማር የለንም። ከሦስታችን ወረቀቷ እቤቷ ያለላት እሷ ብቻ ናት። ዩኒፎርሙንም አጥቤ መልሼዋለሁ፤ ያለ እሱ መውጫ የለኝም።

ልጅቱ አሁን መቀመጥ ችላለች። በሩ ሲዘጋ ቀና ብላ የምታየው ካርዱን አይደለም። ሮዝ ቀለም ደስ ይላታል መሰለኝ፣ ሁለት እጇን ወደ ዩኒፎርሙ ዘርግታ ስጡኝ ትላለች። እናቷ ታየኛለች። እኔ ተነስቼ ዩኒፎርሙን ከሚስማሩ አወርድና ፍራሹ ሥር እከተዋለሁ፣ እሑድ እስኪደርስ።